ጸጋ በትምህርት ቤት ሥርዓት ውስጥ፦ ከካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የተማሪ እንክብካቤ ምን እንማራለን?

መግቢያ

ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረትና በኮተቤ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ አዲስ አበባን የሚሰናበተው ካራ ላይ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ጫፍ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የተዘረጋው ይህ አካባቢ ብዙ አዳዲስ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሆኗል፤ ከእነርሱም መካከል ወንጌላውያን አማኞች ይገኛሉ። ልጅ ለትምህርት ሲደርስ ታዲያ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ወደ መጋቢውም ይደርሳል። «የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓቱም ትምህርቱም ጥሩ ነው ይባላል፤ ልጃችንን ብናስገባው ግን እምነቱ ምን ይሆናል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፈጥኖ «ይግባ» ወይም «አይግባ» ብሎ መመለስ ግን ወላጁን አይጠቅምም። አስቀድሞ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በአገራችን ምን እንደሆነ፣ እምነቱን በምን መንገድ እንደሚገልጽና ተማሪን ለምን በዚያ መልክ እንደሚንከባከብ መረዳት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ያንን ለማብራራት ይሞክራል። ከዚያም አልፎ ወደ ራሳችን የሚመለስ አንድ አሳብ ያቀርባል፤ ጸጋ ከሥራ እንደሚቀድም አጥብቀን የምናስተምር እኛ ወንጌላውያን፣ ይህን አስተምህሮ በመድረክ ላይ እንጂ በትምህርት ቤት ሥርዓት ውስጥ ገና በበቂ አላሳየነውም የሚል ነው።

ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰፊ ደጅ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ቁጥራቸው 0.7 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያው ቆጠራ ፕሮቴስታንት ተብለው የተመዘገቡት ከ18 በመቶ በላይ ነበሩ። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ታወቁ ትምህርት ቤቶች ሲነሣ ቅዱስ ዮሴፍ፣ ናዝሬት፣ ልደታ ካቴድራል የሚሉት ስሞች ሳይጠቀሱ አይታለፉም። እንዲህ ያለች አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል ትምህርት ቤት ስትይዝ በክፍሎቹ ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች በአብዛኛው የሌላ እምነት ተከታዮች ቤተሰቦች ልጆች መሆናቸው ግልጽ ነው፤ የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የወንጌላውያን ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

ሕጉም የራሱን ወሰን አስቀምጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው የፈለገውን እምነት የመያዝ ነጻነቱን ያረጋግጥለታል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖት መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ በኢትዮጵያ የሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ሂሳቡና ሳይንሱ ከጎረቤት ትምህርት ቤት የተለየ አይደለም።

እንግዲህ አስተማሪው ስለ እምነቱ በክፍል ውስጥ የማይሰብክ ከሆነ፣ ተማሪውም የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱን «ካቶሊክ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ታሪክ ዞር ማለት ይጠቅማል።

ከማስገደድ ወደ ዝምታ

የካቶሊክ ሚሲዮን በኢትዮጵያ ያለው ትዝታ በቁስል ይጀምራል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት በቤተ መንግሥት ዘንድ ተሰሚነት አገኙ፤ ዐፄ ሱስንዮስም እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። እምነቱ በአዋጅ በሕዝብ ላይ ሲጫን ግን አገሪቱ ደም ፈሰሰባት። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ከላይ በመጣ ትእዛዝ የተተከለ እምነት ዐሥር ዓመት ብቻ ቆየ፤ ጥሎት የሄደው ጥርጣሬ ግን ለዘመናት ኖረ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈው በሐረር፣ በአንድ መምህርና በአንድ ተማሪ መካከል ነው። ራስ መኰንን ልጃቸው ተፈሪ ዘመናዊ ትምህርት እንዲማር ሲፈልጉ የካቶሊክ ሚሲዮኑን መሪ አባ እንድርያስን (ሞንሲኞር ዣሮሶን) ጠየቁ፤ ከመምህራኑም አንዱ ኢትዮጵያዊው የካቶሊክ ካህን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ሆኑ። ተማሪው አድጎ ደጃዝማች ተፈሪ ከተባለ በኋላም ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1915 ሁለቱም የነበሩባት ጀልባ በሐረማያ ሐይቅ ላይ ሰጠመች። ደጃዝማቹ ተረፉ፤ አባ ሳሙኤል ሞቱ። ተማሪያቸውን ለማዳን ሲጥሩ እንደሰጠሙ ይነገራል። ተፈሪ ከኦርቶዶክስ እምነታቸው አልወጡም፤ ካቶሊክም አልሆኑም። ይሁን እንጂ አንድ የካቶሊክ መምህር ተማሪውን ምን ያህል ሊወድ እንደሚችል ያውቁ ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርትን እንደገና ሲያቋቁሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ራሳቸው የከፈቱትን ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1945 ለካናዳ ኢየሱሳውያን አስረከቡ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለው ያ ግቢ ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይባላል። መነኮሳቱ የመጡት እንደ ሰባኪ አልነበረም፤ የክህነት ልብሳቸውን ትተው ተራ ልብስ ለበሱ፣ እምነታቸውንም ላለመስበክ ተስማሙ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ዶክተር ሉሲየን ማት እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በአዋጅ የመጣው ማኅበር አሁን ዝም ብሎ በማስተማር ተመለሰ።

ይህ ዝምታ ለእኛ ለወንጌላውያን አስቸጋሪ ነው። ወንጌል የሚሰማ ቃል ነው ብለን እናምናለንና (ሮሜ 10፥14-17)። ሆኖም ዝምታው ባዶ አልነበረም። እምነት በቃል ሊገለጽ ባልቻለበት ስፍራ በሰዓት አክባሪነት፣ ደብተር በጥንቃቄ በማረም፣ የደከመን ተማሪ በመጠበቅና በፍትሐዊ ዳኝነት መገለጥ ነበረበት።

ከሥርዓቱ በስተጀርባ ያለው አስተምህሮ

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የተማሪ እንክብካቤ ከሦስት ምንጮች ይቀዳል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ፈረንሳዊው ካህን ዮሐንስ መጥምቅ ደ ላ ሳል (1651-1719 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በዘመናቸው የድሃ ልጅ የሚማርበት ስፍራ ጥቂት ነበር፤ ትምህርትም በአብዛኛው በላቲን ይሰጥ ነበር። እርሳቸው ልጆችን በክፍል ከፋፍሎ፣ በሚናገሩት ቋንቋና ያለ ክፍያ የሚያስተምር የወንድሞች ማኅበር አቋቋሙ። ወንድሞቹ ካህናት አይደሉም፤ ሙሉ ሕይወታቸውን ለመምህርነት የሰጡ ምእመናን ናቸው። መምህሩ ለተማሪው እንደ ታላቅ ወንድም እንዲሆን፣ በቅጣትም ላይ እጁን እንዲሰበስብ ተማሩ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የዚህ ማኅበር ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ጣሊያናዊው ዮሐንስ ቦስኮ (1815-1888 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ቱሪን ከተማ ሥራ ፍለጋ የሚፈልሱ ወጣቶች የሞሉባት ነበረች፤ ብዙዎቹም እስር ቤት ይገቡ ነበር። ዶን ቦስኮ ወጣቱ ካጠፋ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ እንዳያጠፋ አብሮት መሆን ይሻላል የሚል መንገድ ተከተሉ። መንገዱ በሦስት ነገሮች ይቆማል፤ እነርሱም በምክንያት ማስረዳት፣ እምነትና ርኅራኄ ናቸው። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል ገብቶ በር አይዘጋም፤ ሜዳው ላይ ከልጆቹ ጋር ይገኛል። ሳሌዥያውያን የሚባሉት የእርሳቸው ተከታዮች በመቀሌ፣ በዝዋይ፣ በዲላና በአዲስ አበባ መካኒሳ የሚሠሩት በዚህ መንፈስ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መለያ በወንጌል የነጻነትና የፍቅር መንፈስ የሚኖር ማኅበረሰብ መፍጠር መሆኑን አስቀመጠ። በዚያው ዓመት ባወጣው ሌላ ሰነድ ደግሞ ማንም በእምነት ጉዳይ እንዳይገደድ ደነገገ። ሁለቱ ሰነዶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ከላይ ላነሣነው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ትምህርት ቤቱን ካቶሊክ የሚያሰኘው ተማሪውን ካቶሊክ ማድረጉ አይደለም፤ ሁሉም የሚተነፍሰው የማኅበረሰቡ አየር ነው።

«ደኅና ነህ?» የሚለው ጥያቄ

በቋንቋችን ጠዋት ጠዋት የምንጠያየቀው «ደኅና አደርክ?» እና በመድረክ የምንሰብከው «ድኅነት» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። «መድኃኒት» እና «መድኃኒታችን» የሚሉትም እንዲሁ። ቋንቋው አንድ ያደረገውን እኛ ብዙ ጊዜ እንለያየዋለን፤ ድኅነቱን ለእሑድ፣ ደኅንነቱን ለክሊኒክ እንተዋለን። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይለይም። ሉቃስ የጌታን ልጅነት ሲተርክ በጥበብ፣ በቁመት፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ባለው ሞገስ ማደጉን ይነግረናል (ሉቃ. 2፥52)። አእምሮ፣ አካል፣ ከአምላክ ጋር ያለ ኅብረትና ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት በአንድ ልጅ ውስጥ አብረው ያድጋሉ። ኤልያስም በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር አስቀድሞ የላከለት ተግሣጽ አልነበረም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነበር (1ነገ. 19፥4-8)። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተርቦ የመጣን ልጅ ከመገሠጽ በፊት ማብላት እንግዲህ ለመንፈሳዊ ሥራ መንደርደሪያ ብቻ አይደለም፤ ራሱ እግዚአብሔር የሠራበት ቅደም ተከተል ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ዛሬ ለተማሪዎቻችን እጅግ አስፈላጊ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። ስለ ፈተናው አሰጣጥና ስለ ትምህርት ጥራት የሚነሡትን ክርክሮች ወደ ጎን እንተዋቸው። ከመቶ ተማሪዎች ዘጠና ስድስቱ «አላለፋችሁም» በተባሉበት አገር ግን ቤተ ክርስቲያን ልትመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ አንድ ልጅ ውጤቱ ሳይመጣለት ሲቀር ማን ነው? ጎረቤት ይጠይቃል፣ ዘመድ ይደውላል፣ ወላጅ አንገቱን ይደፋል። ልጁ ራሱን የሚያይበት መስታወት አንዲት የውጤት ወረቀት ትሆናለች።

እዚህ ላይ ወንጌላዊው አስተምህሮ የሚናገረው ታላቅ ቃል አለው። የሰው ክብር በእግዚአብሔር መልክ ከመፈጠሩ ይመነጫል (ዘፍ. 1፥27)፤ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆምበትም ጽድቅ በጸጋ እንጂ በሥራ አይገኝም፣ መልካሙም ሥራ ከዚያ ይከተላል (ኤፌ. 2፥8-10)። ጌታ ራሱ አንድም ተአምር ሳያደርግ፣ አንድም ስብከት ሳይሰብክ፣ ገና ከዮርዳኖስ ውኃ ሲወጣ አባቱ ደስ የተሰኘበት ልጅ መሆኑ ተመሰከረለት (ማቴ. 3፥16-17)። መጽደቅና ፈተና ማለፍ አንድ ነገር አይደሉም፤ ማመሳሰልም አይገባም። ነገር ግን በጸጋ መጽደቅን የሚያምን ማኅበረሰብ ልጆቹን በውጤታቸው ብቻ የሚመዝን ከሆነ በአፉ የሚያምነውን በሥርዓቱ ይክዳል።

ልዩነቶቻችንና ጥንቃቄዎች

ከሌላው መማር ልዩነትን መሸፈን አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን ቶማስ አኩዊናስን የሚከተለው የካቶሊክ አስተሳሰብ ጸጋ ተፈጥሮን እንደሚያቀናና ወደ ፍጻሜው እንደሚያደርስ ያስተምራል። ስለዚህ መልካም ሥርዓትና መልካም ልማድ ልጁን ወደ እግዚአብሔር እንደሚያዘነብሉት በብርቱ ይተማመናል። እኛ የኃጢአትን ጥልቀትና የአዲስ ልደትን አስፈላጊነት አጥብቀን እንናገራለን (ዮሐ. 3፥3)፤ ጥሩ አየር የተነፈሰ ሁሉ ዳግመኛ አይወለድም። ስለ ቅድስት ማርያም፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃና ስለ ምሥጢራት ያሉን ልዩነቶችም እንዳሉ ናቸው። የካቶሊክ ትምህርት ቤት የጨዋነት ትምህርት ቤት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ካቶሊካውያን ራሳቸው የሚያነሡት ስጋትም አለ።

ሌላው ጥንቃቄ የልጆች ጥበቃ ነው። ለልጅ ቅርብ መሆን የሚፈውሰውን ያህል፣ ተቆጣጣሪ ከሌለው ሊጎዳ ይችላል። በአየርላንድ በካቶሊክ ማኅበራት ይተዳደሩ የነበሩ የልጆች ተቋማትን የመረመረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ሪፖርት በልጆች ላይ ለብዙ ዓመታት ድብደባና ወሲባዊ ጥቃት ይፈጸም እንደነበረ፣ ኃላፊዎችም እንደሸፋፈኑት አጋልጧል። ይህን የምናነሣው ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ ወንጌላዊ ስም ያለው ተቋም ከዚህ ኃጢአት በተፈጥሮው የተጠበቀ አይደለምና። ጌታ ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረው ብርቱ ማስጠንቀቂያ (ማቴ. 18፥6) ለሁላችንም ነው። እንክብካቤ ያለ ተጠያቂነት እንክብካቤ አይባልም።

በካራና በአካባቢው ላሉ አብያተ ክርስቲያናት

ከዚህ ሁሉ ምን እንውሰድ? በአራት አቅጣጫ ማየት ይቻላል።

ለወላጆች፦ ልጁን በእምነት የማሳደግ አደራ በመጀመሪያ የተሰጠው ለቤት ነው (ዘዳ. 6፥6-9)። ይህን አደራ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አይወስደውም፤ ወንጌላዊ ትምህርት ቤትም አይወጣውም። ቤቱ የሚጸልይና ቃሉን የሚያነብ ከሆነ ልጁ በግቢው ውስጥ የሚያየውን የማርያም ሐውልት ወይም በጸሎት ጊዜ የሚደረገውን ማማተብ ከወላጁ ጋር ተነጋግሮ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ከመመዝገቡ በፊት ሄዶ ይጠይቅ፤ የሌላ እምነት ልጆች በጸሎት ሰዓት ምን ያደርጋሉ? ቅጣት እንዴት ይሰጣል? ልጅ ቢበደል ለማን ይናገራል? የእነዚህ መልስ ከትምህርት ቤቱ ስም ይልቅ ይናገራል።

ለወንጌላውያን ትምህርት ቤቶች፦ ማለዳ በሰልፍ ላይ ከሚሰማ መዝሙር ወይም በግድግዳ ላይ ከተጻፈ ጥቅስ በላይ ሥርዓቱን እንመርምር። ሦስት ቀን የቀረን ተማሪ ማን ያስተውላል? ደረጃ ለወጡት ጭብጨባ ሲሰጥ የመጨረሻውን ልጅ ማን ያነጋግረዋል? የክፍል ኃላፊው መምህር የሃምሳውን ልጅ ስም ያውቃል? ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው የኦርቶዶክስ ልጅ፣ በረመዳን የሚጾመው የሙስሊም ልጅ በምሳ ሰዓት በእኛ ግቢ ውስጥ ይከበራል ወይስ ይሾፍበታል? ልጆችን ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት የገሠጸው ጌታ (ማር. 10፥13-16) እጁን የጫነባቸው የልጆቹን ቤተሰብ እምነት መርምሮ አልነበረም።

ለመምህራን፦ ከካራ ብዙ ሳይርቅ ኮተቤ ላይ ለረጅም ዘመን መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረው ተቋም፣ የዛሬው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዙሪያው ባሉ አጥቢያዎች ውስጥ የሚያመልኩ ዕጩ መምህራንና መምህራን ብዙ ናቸው። ለዘማሪና ለወንጌላዊ እጃችንን እየጫንን እንጸልያለን፤ ሰኞ ጠዋት ስድሳ ልጅ ፊት ለሚቆመው መምህር ግን ስንቴ ጸለይን? ደ ላ ሳል መምህርነትን ሙሉ ሕይወት የሚሰጥለት ጥሪ አድርገው ማየታቸው ከተሐድሶ አባቶች የጥሪ አስተምህሮ ጋር በብዙ ይስማማል። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ወንጌልን ብቻ ሳይሆን ራሱን ጭምር ለመስጠት እንደወደደ፣ እንደምታጠባ እናት እንደሆነላቸው ይጽፋል (1ተሰ. 2፥7-8)። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር አማኝ በክፍሉ እንዳይሰብክ ሕግ ይከለክለዋል፤ ራሱን እንዲሰጥ ግን የሚከለክለው ሕግ የለም።

ለወጣቶች አገልጋዮች፦ የትምህርት ቤት ግቢን እንደ መመልመያ ሜዳ አንየው። የሱስንዮስ ዘመን ታሪክ የሚያስተምረን ካቶሊካውያንን ብቻ አይደለም፤ በተጽዕኖ የተገኘ እምነት ሥር አይሰድም። ወላጅ እያወቀ፣ ልጁም በነጻነት የሚመጣበት የእሑድ ትምህርትና የክረምት መርሐ ግብር ብዙ ዕድል አለው። የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሳምንት አጥቢያው በሩን ከፍቶ፣ ያለፉትንም ያላለፉትንም በአንድ ገበታ ቢያስቀምጥ ስለ ጸጋ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሚሰበከው ቃልም ማስረጃ ይኖረዋል።

ማጠቃለያ

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በኢትዮጵያ በብዛት ለሌላ እምነት ልጆች ሲያገለግሉ የኖሩት እምነታቸውን በማኅበረሰብ ሥርዓት በመግለጥ ነው። እኛ ደግሞ ዝም እንድንል አልተጠራንም፤ ስለ ክርስቶስ መናገር ግዴታችን ነው። ነገር ግን የምንናገረው ጸጋ በሰዓት ሰሌዳው፣ በቅጣቱ አሰጣጥ፣ በምሳ ሰዓቱና በውጤት ቀን ካልታየ ልጁ የሚሰማውና የሚያየው ይጋጩበታል። ልጁን ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንላከው የሚለውን ጥያቄ እያንዳንዱ ወላጅ በጸሎትና በማስተዋል ይመልስ። ለአብያተ ክርስቲያናት የቀረው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ እኛ በከፈትነው ግቢ ውስጥ አንድ የደከመ ልጅ ደኅና መሆኑን የሚጠይቀው፣ መልሱንም ቆሞ የሚሰማው ሰው አለ?